አዲስ አበባ መጥታችሁ አንድ ቀን ብቻ ከተረፋችሁ፦ ጢያ፣ መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያም ወይስ ደብረ ሊባኖስ?

ቤታችን ከመስከረም እስከ ጥር ኤርፖርት ነው የሚመስለው። አንዱ ከዲሲ ይመጣል፣ አንዷ ከስቶክሆልም፣ ሌላው ከዱባይ፣ ሦስት ሳምንት ምናምን ይቀመጡና ዘመድ ቤት ሲዞሩ፣ ሳይደርሱ የቀሩትን ለቅሶ ሲደርሱ፣ ሰርግ ሲበሉ፣ ሽሮ ሜዳ ቀሚስ ሲመርጡ ጊዜው ያልቅና ሊሄዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው "እስቲ አንድ ጥንታዊ ቦታ አሳየን" ይላሉ። ስንት ቀን አላችሁ ስላቸው አንድ። እሱም ቢሆን ማታ እራት የተጠሩበት ቤት አለ።

እኔ ደግሞ ከቤቱ ሰው መኪና የምነዳው እኔ ስለሆንኩ ብቻ ሳላስበው አስጎብኚ ሆኜ ቀረሁ። መጀመሪያ ሁሉም ላሊበላ ነው የሚሉት። ላሊበላን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ በፕሌን ይቻል ይሆናል እያላችሁ ካሰባችሁ ተዉት፣ ቦሌ የምትጠብቁት ሰዓት፣ ከዛ በረራው፣ ከዛ ከኤርፖርቱ እስከ ከተማው ያለው መንገድ፣ ተደማምሮ አስራ አንዱን ቤተክርስቲያን በሩጫ አይታችሁ ነው የምትመለሱት፣ ላሊበላ ላይ መሮጥ ደግሞ ነውር ነው። አክሱምም እንደዛው። እነሱን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩአቸውና ከአዲስ አበባ በመኪና ጠዋት ተወጥቶ ማታ የሚገባባቸውን እናውራ።

ሰው ሲመርጥ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ "የቱ ነው ከሁሉም የቆየው?" ብሎ ነው። እኔ በዚህ ጥያቄ መምረጥ ትቻለሁ። ለምን መሰላችሁ፣ ዕድሜ ብቻ ካያችሁ መልካ ቁንጡሬ ሁሉንም በሁለት ሚሊዮን ዓመት ምናምን ይበልጣል፣ አለቀ። ግን የአጎቴን ልጅ በዚሁ ሂሳብ ይዤው ሄጄ ቆፍረው ያወጡት ቦታ ላይ ቆሞ ግራ ቀኝ አየና "ይሄ እኮ ጠጠር ነው፣ ለዚህ ነው ቡና ሳልጠጣ ያስወጣኸኝ?" አለኝ። ልክ ነው እኮ፣ ካላወቅከው ጠጠር ነው። ስለዚህ የእኔ መለኪያ ሌላ ነው፦ ቦታው ራሱ ያወራል ወይስ የሚያወራለት ሰው ይፈልጋል? እና መኪናው ውስጥ ያለው ማነው? ከዚህ በታች ያለው በሙሉ በዚህ ዓይን የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ አቅጣጫውን ለዩ

ሦስቱ ማለትም መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ ወደ ደቡብ በቡታጅራ መንገድ ላይ ናቸው፣ አየር ጤናን አልፋችሁ አለም ገና ስትደርሱ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ በቃ። መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጢያ 90 ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ አዳዲ በሁለቱ መሀል ከአስፋልቱ ወደ ምዕራብ ተገንጥላችሁ ነው የምትገቡት። ደብረ ሊባኖስ ግን ሌላ ዓለም ነው፣ በሰሜን በጎጃም መንገድ፣ ሱሉልታን ጫንጮን ሙከ ጡሪን አልፎ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ሰሜኑንና ደቡቡን በአንድ ቀን አገናኝልኝ የሚል ሰው በየዓመቱ አይጠፋም። አይሆንም። ጉግል ማፕ ይሆናል ቢላችሁም አይሆንም፣ ጉግል ማፕ የአየር ጤናን ጃም እና ከጫንጮ የሚወጣውን የሲሚንቶ መኪና ሰልፍ አያውቅም።

መልካ ቁንጡሬ፦ ትልቁ ታሪክ፣ ትንሹ ትርኢት

መልካ በኦሮምኛ ወንዝ የሚሻገሩበት ቦታ ማለት ነው፣ ወንዙም አዋሽ ነው። እዚህ ቦታ ላይ አዋሽ እየሸረሸረ እየቆረጠ ሲወርድ ስንት ዘመን ተደራርቦ የተቀበረውን አፈር እንደ ኬክ ከፍቶ አሳየው፣ መሀል መሀሉ ላይ ደግሞ የእሳተ ገሞራ አመድ ስላለ አጥኚዎቹ የቱ ንብርብር መቼ እንደሆነ በሱ ይለካሉ። በ1963 እንደ ፈረንጆቹ ገራርድ ዴከር የሚባል የሆላንድ የውሃ ባለሙያ ነው መጀመሪያ ያየው፣ ከዛ ዣን ሻቫዮን የሚመራው የፈረንሳይ ቡድን ለሠላሳ ዓመት ቆፈረ፣ ከሱ በኋላ ጣሊያኖቹ ተረከቡ። ከ2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ እስከ ኋለኛው የድንጋይ ዘመን ድረስ ሰው እየተመላለሰ የኖረበት ቦታ ነው፣ እሱም ከባህር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በብርድ። ጋርባ የሚባለው ጋ የተገኘው የሕፃን መንጋጋ ሆሞ ኢሬክተስ የሚባለው የጥንት ሰው ዝርያ እንደሆነና 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሚሆነው አጥኚዎቹ በ2023 ጽፈዋል። ጎምቦሬ ጋ ደግሞ 700,000 ዓመት የሆነው የእግር ዱካ አለ፣ የአዋቂ ብቻ አይደለም፣ ገና መራመድ የጀመሩ ሕፃናት ዱካም ጭምር። ለእኔ ከሁሉም ይቺ ናት የምትገርመኝ፣ አንዲት እናት ልጇን ወንዝ ዳር ይዛ ወርዳ ጭቃ ላይ ሲንደፋደፍ።

ዩኔስኮ መልካ ቁንጡሬንና ባልጭትን በ2024 የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቧል። ባልጭት ማለት ደግሞ አጠገቡ ያለው ባልጩት የሚገኝበት ቦታ ነው፣ አዎ ያ ጥቁሩ መስታወት የሚመስለው ባልጩት፣ እኛ ሰው ሲደነቁር "ራሱ ባልጩት ነው" የምንልበት። የዛን ዘመን ሰው ምላጩም ቢላዋውም እሱ ነበር፣ በደቡብ አንዳንድ ቦታ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ይሠሩበት ነበር። እዛ አካባቢ ስትሄዱ መሬቱ ላይ ቁርጥራጩ ያብረቀርቃል። እባካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ እንዳትከቱ፣ የእህቴ ልጅ አንዱን ለማስታወሻ ብሎ ደብቆ ጥበቃው በጣም በጨዋነት "የኔ ልጅ፣ እሷን እዛው መልሳት፣ እዚህ ስትቀመጥ ነው ታሪክ የምታወራው" ሲለው እኔ ነኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያልኩት።

የሚታየው ምንድነው ካላችሁ፣ ጎጆ ጎጆ የሆኑ የሙዚየም ክፍሎች አሉ፣ ውስጣቸው መሣሪያው፣ አጥንቱ፣ ንብርብሩን የሚያሳይ ስዕል፣ ከዛ ትንሽ በእግር ሄዳችሁ ጣራ የተሠራለት ቁፋሮ ላይ ድንጋዩን ከነተገኘበት አቀማመጥ ታያላችሁ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይወስድም። አስጎብኚው ጎበዝ ከሆነና ጥያቄ ካላችሁ በጣም ደስ ይላል፣ ካልሆነ የአጎቴን ልጅ ነው የምትሆኑት። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ቀን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብታችሁ ድንቅነሽን እዩ። እሷ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፣ እሷን አይቶ የመጣ ሰው መልካ ቁንጡሬ ላይ "እና ከሷ በኋላ የመጡት ድንጋይ እየጠረቡ የኖሩት እዚህ ነው?" ብሎ ራሱ ይጠይቃል። ሳያያት የመጣ ሰው ስልኩን ነው የሚያየው።

ጢያ፦ ቆሞ የሚያይህ ድንጋይ

ጢያ ሌላ ነገር ነው። ሶዶ ጉራጌ ውስጥ፣ ከከተማዋ ትንሽ ገባ ብሎ ሜዳ ላይ፣ 36 ድንጋዮች አሉ፣ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ዩኔስኮ በ1980 እንደ ፈረንጆቹ ነው የመዘገበው፣ አክሱምም በዛው ዓመት ነው የተመዘገበው፣ ግን አክሱምን የማያውቅ የለም ጢያን ግን አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ራሱ "የት ነው እሱ?" ይላችኋል። በአካባቢው እንደዚህ ዓይነት ትክል ድንጋይ ያለባቸው ቦታዎች ወደ 160 ይጠጋሉ፣ ጢያ ዋናዋ ናት።

እዚህ ማንም ሳያወራላችሁ የሆነ ነገር ይይዛችኋል። ጎራዴ የተቀረጸባቸው አሉ፣ አንዱ ላይ ጥቂት፣ አንዱ ላይ ብዙ፣ ጫፋቸው ወደ ላይም ወደ ታችም። ክብ ነገር አለ፣ የእንሰት ቅጠል የሚመስል አለ፣ ደብልዩ የሚባለው የፈረንጅ ፊደል የሚመስል ምልክት አለ። አስጎብኚዎቹ የጎራዴው ብዛት የጀግናው ግዳይ ነው ይላሉ፣ ሊሆን ይችላል፣ ምልክቶቹን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ግን የለም። ሥራቸው መቃብር ነው። ፈረንሳዮቹ ሲቆፍሩ ወጣት ወጣት ሰዎች ነው ያገኙት፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ፣ ወንድም ሴትም፣ እናት ማህፀን ውስጥ እንዳለ ልጅ ተጣጥፈው። ይሄን ሲሰማ ዝም የማይል ሰው እስካሁን ይዤ አልሄድኩም፣ ያ የአጎቴ ልጅ ራሱ ዝም ብሏል።

የአገሩ ሰው የግራኝ ድንጋይ ይለዋል። ግራኝ በጎራዴው ወጋቸው ምናምን የሚባል ተረት አለ። ችግሩ ድንጋዮቹ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የሚባሉ ናቸው፣ ግራኝ አህመድ ደግሞ የዘመተው በ16ኛው ነው። እኛ አገር ማን እንደሠራው ያልታወቀ ድንጋይ በሙሉ ወይ የግራኝ ነው ወይ የላሊበላ ነው ወይ የፖርቹጋል ነው፣ ሦስቱንም ዛሬ ታገኟቸዋላችሁ ቆዩ።

ጢያ ላይ ዋናው ነገር ሰዓት ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቀትር ላይ ከሄዳችሁ ፀሐይዋ ከአናት ስለሆነች ቅርጹ ይጠፋል፣ ፎቶ ላይ ግራጫ ድንጋይ ብቻ ነው የሚታየው። ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ተኩል ባለው ብትደርሱ ብርሃኑ በጎን ይመጣና ጎራዴዎቹ ጥላ አውጥተው ከድንጋዩ ላይ የሚነሱ ይመስላሉ። እኔ አራት ጊዜ ቀትር ላይ ሄጄ ነው አምስተኛው ላይ የገባኝ።

ጉድለቱ ምንድነው፣ ቦታው ትንሽ ነው። ግቢውን በ40 ደቂቃ ትጨርሱታላችሁ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ብዙም የለም፣ ከዛ በኋላ ምን እናድርግ የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሱ ቡታጅራ ድረስ ወርዶ ክትፎ በቆጮ ነው የሚል የዘመድ ወገን አለ፣ እኔም አልቃወምም፣ ግን ያኔ ቀኑ የጢያ ሳይሆን የክትፎ ነው የሚሆነው፣ ሌላውን ሁለቱን ቦታ እርሱት። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ደግሞ እሱም ይቀራል፣ ጢያ ከተማ ሽሮ በልታችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ።

አዳዲ ማርያም፦ ላሊበላ ላልደረሰ

ከአለት የተፈለፈለች ቤተክርስቲያን ናት፣ አሁንም ይቀደስባታል። ከሩቅ አትታይም፣ ጣራዋ ከመሬቱ ጋር እኩል ነው፣ ዙሪያዋን የተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ በደረጃ ወርዳችሁ ነው የምታገኟት። ትውፊቱ ንጉሥ ላሊበላ ወደ ዝቋላ ሲሄዱ አሠሯት ይላል፣ እንግዲህ ሁለተኛው ድንጋይ። በግራኝ ዘመን ተጎድታለች፣ በ1990ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ በስዊዞች እርዳታ ታድሳለች።

ላሊበላን ካያችሁ ሻካራ ትሆንባችኋለች፣ እውነቱን ልናገር፣ ያ ጥርብነት የለባትም፣ መስመሩም ያን ያህል ቀጥ ያለ አይደለም። እኔ ግን ሻካራነቷን ነው የወደድኩት። ውስጧ ጨለማ ነው፣ ምንጣፍ፣ የዕጣን ሽታ፣ ከበሮ ጥግ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ቄስ። ከስቶክሆልም የመጣችው አክስቴ እዛ ቁጭ ብላ ግማሽ ሰዓት አልተነሳችም፣ ዩኔስኮ ምናምን ግድ አልሰጣትም፣ "የልጅነቴ ማርያም ናት" ብቻ ነው ያለችው። በወር በ21 ቀን ከሄዳችሁ ከገጠሩ ሁሉ ነጠላ ለብሶ የሚመጣውን ሕዝብ ታያላችሁ፣ ለፎቶ ሳይሆን ለመሳለም ከሆነ የምትሄዱት ያን ቀን ምረጡ፣ ሕንፃውን በደንብ ማየት ከሆነ ግን ከዛ ቀን ሽሹ።

የምትይዙት፦ ነጠላ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ፣ ካልሲ፣ የስልክ ባትሪ። የጫማውን ነገር አደራ፣ ቁንጫም አይጠፋም። በልቶ መግባት የማይፈልግ ሰው ካላችሁ አዳዲን ከምሳ በፊት አድርጉት። ቅዳሴ ካለ ደግሞ እስኪያልቅ ውጭ ጠብቁ፣ በጾም ቀን ቅዳሴው ወደ ከሰዓት ስለሚሄድ ያን ቀን ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ያስፈልጋል።

ከአስፋልቱ ተገንጥሎ የሚገባው መንገድ ፒስታ ነው። በበጋ ትንሿ ቪትዝ ትገባለች፣ አቧራ ነው በቃ። በክረምት ግን ጭቃው ሌላ ነው፣ ሐምሌ ላይ በጓደኛዬ ኮሮላ ገብተን በበሬ ልንጎተት ትንሽ ነው የቀረን፣ የሰፈሩ ልጆች ናቸው ገፍተው ያወጡን፣ ደግሞ ገንዘብ ስንሰጣቸው ተሳሳቁብን።

ደብረ ሊባኖስ፦ ጥንታዊነቱ ሕንፃው ላይ አይደለም

ይሄን ቀድማችሁ ካላወቃችሁ ቅር ይላችኋል፦ አሁን የምታዩት ትልቁ ቤተክርስቲያን ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1950ዎቹ ዓ.ም ያሠሩት ነው። ከፈረንጅ ባሏ ጋር የመጣች የሰፈራችን ልጅ "ጥንታዊ ገዳም ብለህ አዲስ ሕንፃ አሳየኸው" ብላኛለች። ገዳሙ ግን የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የመሠረቱት፣ መጀመሪያ ደብረ አስቦ ነበር ስሙ፣ ደብረ ሊባኖስ ያሰኙት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ጥንታዊውን የምታገኙት ከቤተክርስቲያኑ ወደ ላይ ስትወጡ ጻድቁ በአንድ እግራቸው ቆመው ጸለዩበት የሚባለው ዋሻ ላይ ነው፣ ጠበል ከላይ ይንጠባጠባል፣ ምዕመኑ በጄሪካን ይቀዳል። አቀበቱ ለጉልበት ታማሚ አይሆንም፣ አዛውንት ካሉ ታች ቤተክርስቲያኑ ጋ ወንበር ፈልጉላቸው።

ሌላው የማይዘለል ነገር ግንቦት 1929 ዓ.ም ነው። በየካቲት 12 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ገዳሙን እጁ አለበት ብሎ መነኮሳቱን እንዲጨርሷቸው አዘዘ፣ ማሌቲ የሚባለው ጄኔራል ግንቦት 12 የጻድቁ በዓል ሰሞን መጥቶ ገዳሙን ከብቦ መነኮሳቱን፣ ዲያቆናቱን፣ ለበዓል የመጣውን እንግዳ ጭኖ ወስዶ ረሸናቸው። ግራዚያኒ በቴሌግራሙ ወደ 300 የሚጠጋ መነኩሴ አለ፣ በኋላ ያጠኑት ቁጥሩን ከሺህ በላይ ያደርሱታል። ይሄን ለልጆቻችሁ ሳትነግሩ እንዳትመለሱ። አሜሪካ ያደገው የወንድሜ ልጅ መንገድ ላይ ስነግረው የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ፣ ለአንድ የ15 ዓመት ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ከዛ ሲወጡ ገደሉ ጫፍ ላይ የፖርቹጋል ድልድይ የሚባለው አለ፣ ሦስተኛው ድንጋይ። ስሙ ነው እንጂ ፖርቹጋል አልሠራውም፣ የአፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ያሠሩት ነው የሚባለው፣ የድሮ አሠራር ስለሆነ ነው ሰዉ ለፖርቹጋል የሰጠው። ግን እይታው! የጀማ ሸለቆ ከሥራችሁ ተዘርግቶ፣ ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ፣ ደረታቸው ላይ ቀይ ልብ የመሰለ ነገር ያላቸው። ልጆች ካሉ ቀኑን የሚያድነው ይሄ ነው፣ ብስኩት ግን እንዳትሰጧቸው፣ አንዴ ከለመዱ ቦርሳ ነው የሚቀሙት።

ይሄን መንገድ በተመለከተ አንድ ነገር ያለ ማጋነን፦ የጎጃም መስመር የፀጥታው ነገር ካለፉት ዓመታት ወዲህ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆይቷል። ከመሄዳችሁ በፊት ያለው ቀን ላይ በዛ መስመር የሚሠራ ሾፌር ጠይቁ፣ ዘመድ ወይም የቴሌግራም ወሬ ሳይሆን ጠዋት ሄዶ የተመለሰ ሾፌር። "ዛሬ አይሻልም" ካለ በቃ፣ ቀኑን ወደ ደቡብ አዙሩት፣ ለዛም አንዴ ደውላችሁ ጠይቁ። ሄዳችሁም ከሆነ በ9 ሰዓት ላይ ፊታችሁን ወደ ከተማ አዙሩ፣ ጭለማ እንዳይዛችሁ።

እና ለማን የቱ

እናትና አክስት ይዛችሁ ከሆነ፣ ለመሳለም ከሆነ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ደብረ ሊባኖስ፣ ሌላ አትሞክሩ። ጉልበታቸው ካመማቸው ወይም መንገዱ ካላማረኝ እኔ በአዳዲ ማርያም ነው የምተካው፣ እስካሁን ማንም አልተከፋብኝም። ከ10 ዓመት በታች ልጅ ካለ መልካ ቁንጡሬን ብቻውን አታድርጉት፣ ወይ ከጢያ ጋር ወይ ጭራሽ ተዉት። የፈረንጅ ባል ወይም ሚስት ይዞ የመጣ፣ ወይም ዩኒቨርሲቲ ላይ ነገር የሚያነብ ሰው፣ መልካ ቁንጡሬና ጢያ። ፎቶ የሚወድ ጢያ በጠዋት። ብቻውን የመጣና ምን እንደሚፈልግ የማያውቅ ሰው ካለ፣ አብዛኛው ዲያስፖራ እንደዚህ ነው አትቆጡ፣ የደቡቡን ሦስቱንም በአንድ ቀን።

እኔ ሦስቱን የማደርገው እንዲህ ነው። 12 ሰዓት ላይ ከቤት እንወጣለን፣ 12 ተኩል ሲሉ አየር ጤና ላይ ተቀምጣችሁ ትቀራላችሁ። መልካ ቁንጡሬን ስናልፍ አንቆምም፣ ሁሉም "እዚህ ነው እኮ ታፔላው" ይላሉ፣ ዝም ብዬ እነዳለሁ፣ ቀጥ ብለን ጢያ። ብርሃኑ ሳይሸሽ አይተን 4 ሰዓት ገደማ እንነሳለን፣ ወደ ኋላ ተመልሰን አዳዲ እንገባለን፣ ቢበዛ እስከ 6 ተኩል። ከዛ ምሳ፣ ብዙ ጊዜ ከቤት ነው የምንቋጥረው፣ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ፔርሙዝ ቡና፣ አዋሽ ዳር ተቀምጦ መብላት ሬስቶራንት አያስመኝም። 8 ሰዓት ላይ መልካ ቁንጡሬ ሙዚየም፣ በምሳ ሰዓት ከሄዳችሁ ሰው ላታገኙ ትችላላችሁ። 10 ሰዓት ላይ መንገድ፣ 12 ሳይሞላ ከተማ፣ እራቱም ይደረስበታል። መልካ ቁንጡሬን መጨረሻ ማድረጌ ሆን ብዬ ነው። ከቅርብ ዘመን ወደ ሩቅ ዘመን ትሄዳላችሁ፣ ስም የሌለውን መቃብር ካያችሁ በኋላ ያ ጠጠር የሚመስለው ነገር የሰው እጅ መሆኑ ቶሎ ይገባችኋል፣ በተቃራኒው ጀምሬው አይቼዋለሁ አይሠራም።

ትራንዚት ላይ ያላችሁ፣ ቦሌ 9 ወይ 10 ሰዓት ምናምን የምትቆዩ፣ ከከተማ አትውጡ። ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን አይታችሁ ጊዜ ከተረፈ የካ ተራራ ላይ ያለችውን ዋሻ ሚካኤልን እዩ፣ እሷም ከአለት የተፈለፈለች ናት፣ ጣራዋ ተንዷል፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ስለሆነች የአካባቢ ሰው ይዛችሁ ውጡ እንጂ ብቻችሁን አትግቡ።

መኪናና ገንዘብ

ዋጋ አልጽፍም፣ ዛሬ ብጽፈው በሚቀጥለው ወር ትስቁብኛላችሁ። ግን ኮንትራት ስትይዙ ነዳጅ፣ የሾፌር ምሳ እና ወደ አዳዲ የሚያስገባው ፒስታ ውስጡ መሆኑን ስልክ ላይ ሳይሆን ቴክስት ላይ አስጽፉ። አንዱ ሾፌር አስፋልቱ ላይ አቁሞ "ፒስታ አልተዋዋልንም" ብሎን ከአክስቴ ጋር በባጃጅ ገብተናል፣ አክስቴ እስካሁን የምታወራው ስለ ባጃጁ ነው። ነዳጅ ከከተማ ሙሉ፣ ሰልፉን ካያችሁት ማታውኑ። የራሳችሁ መኪና ከሌለ ወደ ጢያ የቡታጅራ ሚኒባስ ላይ ወጥታችሁ መሀል መንገድ ላይ ወራጅ ማለት ይቻላል፣ የሙሉ መንገድ ሒሳብ ሊያስከፍሏችሁ ይችላሉ፣ ሲመለሱ ደግሞ መንገድ ዳር ቆሞ ባዶ ወንበር ያለው መኪና መጠበቅ ነው። በዚህ መንገድ አንድ ቦታ እንጂ ሦስት አይታይም። ለደብረ ሊባኖስ የፍቼ መኪና ነው፣ መገንጠያው ላይ ወርዳችሁ ቁልቁል 4 ኪሎ ሜትር ምናምን ይቀራል።

ወቅቱን መምረጥ ከቻላችሁ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ ጤፉ መብሰል ሲጀምር፣ መንገዱ ራሱ ጉብኝት ነው። መግቢያ ላይ የአገር ሰውና የውጭ ዜጋ ሒሳብ ይለያያል፣ ስለዚህ ቢጫ ካርድ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያላችሁ እሱን ያዙ፣ ፓስፖርት ብቻ ይዛችሁ በአማርኛ ብትከራከሩ ልጁ ፈገግ ይልላችኋል እንጂ ደረሰኙን አይቀይረውም። ጥሬ ብርም ያዙ፣ ቴሌብር ኔትወርክ ሲኖር ነው፣ ጢያ ላይ ኔትወርኩ ጎራዴዎቹን ያህል አስተማማኝ አይደለም።